የጋሽ ሰይድ መንዙማ በእማዬ ኮምፒውተር

ባለፈው ወር ወላጆቼ ከሳድል ሪጅ ሰፈር ወደ ሲቲስኬፕ ሰፈር ሲዛወሩ ዕቃ ላግዛቸው ሄጄ፣ ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ከበረዶ ጎማዎቹ ጀርባ ያን ጥቁር ዴስክቶፕ አገኘሁት። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሰካሁት። ማራገቢያው አቃሰተና ተነሣ፤ ከኋላው የሞቀ አቧራ ሽታ ወጣ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ከላይ፣ «ሐያት! ትራኩ መጥቷል እኮ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» ስትል ይሰማኛል። ሽታው አምስተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት፣ ጋሽ ሰይድ እኛ ቤት ወደከረሙበት ክረምት ይዞኝ ሄዶ ነበር።

ጋሽ ሰይድ የአባቴ አጎት ናቸው። የአባቴ አባት ቀድመው ስለሞቱ ደሴ ላይ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን መቅረታቸው አባዬን እንቅልፍ ነሳው፤ ሲለምናቸው ከርሞ በመጨረሻ እሺ አሉ። በስልክ «የሚመጡት በክረምት ነው ጋሼ፣ ተዘጋጅተው ይምጡ» ብሏቸው ስለነበር ኤርፖርት ብቅ ያሉት ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ነው። በሩ ተከፍቶ ውጭውን ሲያዩ ቆም አሉ። ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ከሰው አፍ ጭስ ይወጣል።

«ከማል፣ ዝናቡ የታለ?» አሉ።

አባዬ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኑ እንባ ሞላ። ጃኬቱን አውልቆ ደረበላቸው።

በሌላ እጃቸው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘዋል። አባዬ ሊቀበላቸው ሲል ወደ ደረታቸው ሳቡት። «ይሄን ተወው። መንዙማዬ ናት። እዚያ ብቻዋን ብትቀር ትጠፋብኛለች ብዬ ይዣት መጣሁ።»

እኔ መንዙማ የሚባል ቃል ሰምቼ አላውቅም። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነበር፦ ብዪ፣ ተኚ፣ ጫማሽን አውልቂ። መንዙማ የልጃቸው ስም መሰለኝና ከኋላቸው አንዲት ልጅ ሻንጣ እየጎተተች ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። መኪና ውስጥ እማዬን በጆሮዋ፣ «ዌር ኢዝ ሺ? መንዙማ ከኔ ጋር ነው የምትተኛው?» አልኳት። እማዬ እስከ ቤት ድረስ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ግን አላስረዳችኝም። ስለዚህ ለብዙ ቀን ያቺ ልጅ በሚቀጥለው አውሮፕላን የምትመጣ ይመስለኝ ነበር።

አባዬ ለጋሽ ሰይድ ቤዝመንቱን ድራይዎል በሚባለው የጂፕሰም ሰሌዳ ከፍሎ ክፍል ሠርቶላቸዋል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ከክፍሉ በር አጠገብ የኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ነበር። በደረሱ ማግስት ጠረጴዛው ላይ ቆርቆሮውን ከፈቱት። ውስጡ በሽርጥ የተጠቀለሉ ፍሎፒዎች ናቸው። እኔ ፍሎፒ አይቼ አላውቅም፤ የሴቭ ምልክቱ ላይ ያለው ሥዕል በእውን ቤታችን መምጣቱ ገረመኝ።

ያን ጊዜ ነው አባዬ ያስረዳኝ። መንዙማ ሰው አይደለም። በወሎ ገጠር ሼሆች ነቢዩን የሚያወድሱበት፣ አላህን የሚለምኑበት፣ በዜማ የሚባል ግጥም ነው። ጋሽ ሰይድ ደሴ ላይ ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ ነበራቸው፤ መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ ኋላ በኮምፒውተር ለሰው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ሥራ በማይኖርበት ቀን ግን ከከተማ ወጣ ብለው አንድ ሼህ ዘንድ ይሄዱና፣ ሼሁ ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን መንዙማ ከአፋቸው እየሰሙ ያጠናሉ። ሲመለሱ ይጽፉታል። ሼሁ ሞተዋል። መንዙማው ሲባል አብረው የሚቀበሉት ሰዎችም ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ የት እንዳለ አይታወቅም።

«ከኔም ላይ ግማሹ ሄዷል» አሉ ጋሽ ሰይድ ግንባራቸውን እየነኩ። «የሄደው ግን እዚህ ውስጥ አለ።»

አባዬ ፍሎፒ ማንበቢያ ከሰልባጅ መደብር አገኘ። ሰካውና የመጀመሪያውን ፍሎፒ አስገባ። ማንበቢያው እንደ ተራበ ሆድ ጮኸ፤ ከዚያ ፋይሎቹ ተደርድረው መጡ። ጋሽ ሰይድ «ቢስሚላህ» አሉ። አባዬ አንዱን ከፈተ። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በጥያቄ ምልክትና በባዶ ሳጥን ተሞላ።

እንግሊዝኛ የማነበው እኔ ነኝ ብዬ ተጠጋሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። «ዲ፣ ስላሽ፣ ኪው፣ ኪው፣ ፐርሰንት…» መንዙማ እንዲህ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሰይድ ትንሽ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ወደ አባዬ ዞሩ።

«ከማል፣ ይሄ የኔ አይደለም።»

«የርስዎ ነው ጋሼ። የጻፉበት ፕሮግራም ነው የሌለው።»

ፕሮግራሙም ከፍሎፒዎቹ በአንዱ ውስጥ ነበር። የእኛ ኮምፒውተር ግን አልቀበለውም። አባዬ በታክሲው ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ሰንብቶ አንድ ቀን ደስ ብሎት ገባ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በድሮው ዊንዶውስ ነው፤ የሞተው የድሮ ኮምፒውተራችን ሲዲ ደግሞ አልተጣለም። አዲሱን ሳያጠፉ የድሮውን አጠገቡ መጫን ይቻላል።

ችግሩ ኮምፒውተሩ የእማዬ መሆኑ ነው። እማዬ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ እየሠራች ኦንላይን ኮርስ ትማር ነበር። ሥራዋ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

«አሳይመንቴ ቢጠፋ አንተ ነህ የምትጽፍልኝ?» አለችው።

«ምንም አይነካም፣ ዘይነብ። ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ፓርቲሽን አደርገዋለሁ። አንቺ በዚያ በኩል፣ ጋሼ በዚህ በኩል። አንዱ የሌላውን አያይም።»

እኔ ፓርቲሽን ሲል የገባኝ እንደ ጋሽ ሰይድ ክፍል ያለ ግድግዳ ነው። እዚያ ጥቁር ሣጥን ውስጥ ድራይዎል ሊያቆም መስሎኝ መጋዙን ፈልጌ አመጣሁለት። አባዬ አልሳቀም። «እዚያ አስቀምጪልኝ፣ ያስፈልገኝ ይሆናል» አለኝ። አሁን ሳስበው እሱም ፈርቶ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሱኝ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። የአባዬን ትልቅ ፓርካ ለብሰው፣ ሻርፕ እስከ ዓይናቸው ጠምጥመው፣ በረዶው ላይ እግራቸውን ቀስ እያሉ ያነሳሉ። እጄን የሚይዙት እንዳልወድቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንዳይወድቁ ነው። ከሻርፑ ሥር ሁልጊዜ አንድ ነገር ያንጎራጉራሉ። ወደ ላይ ይወጣል፣ ይንጠለጠላል፣ ከእርምጃቸው ጋር ተመልሶ ይወርዳል። ከንፈራቸው እንዳይደርቅ የሚያደርጉት፣ ሽማግሌዎች ብርድ የሚከላከሉበት ዘዴ ይመስለኝ ስለነበር ምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ክረምቱን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ነበር። አሁን የእርምጃቸው ድምፅ ትዝ ይለኛል፤ ጓንታቸው ትዝ ይለኛል፤ የሚያንጎራጉሩት ግን አንዱም አይመጣልኝም።

አንድ ቀን አባዬ ከሥራ ቀረና የኮምፒውተሩን ሥራ ጀመረ። ጋሽ ሰይድ አጠገቡ በወንበር ተቀመጡ፤ አዝራር በተጫነ ቁጥር «ቢስሚላህ» ይላሉ። ሲዲው ሲሽከረከር ቆየ። ድንገት ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ነጭ ጽሑፍ ተረጨበት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን ያማረ ቀለም ነው!» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ተከፈተ እንዴ?»

«አይ ጋሼ። እንቢ አለ።»

እሳቸው ያዩት ቀለሙን ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ለአባዬም ለኔም አልገባንም።

አባዬ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሶ አየ፣ የዘለለውን አገኘ፣ እንደገና ጀመረ። በዚህኛው ጊዜ ሠራ። የድሮው ዊንዶውስ አረንጓዴ ሜዳውንና ሰማዩን ይዞ ብቅ አለ። አጨበጨብኩ። ጋሽ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው የአባዬን ጭንቅላት እንደ ሕፃን ዳበሱት።

እማዬ ከሥራ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ አሳይመንቷን ልትልክ ወረደች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። አረንጓዴው ሜዳ መጣ። እንደገና አጥፍታ አበራችው። አሁንም ሜዳው መጣ። የሷ ዊንዶውስ የለም።

«ከማል፣ የኔ የት ሄደ?»

«አለ። ውስጥ አለ።»

«ውስጥ ካለ አሳየኛ!»

ሊያሳያት አልቻለም። በኋላ የተጫነው የድሮው ዊንዶውስ መግቢያውን ይዞት እንደቀረ፣ መመለሻው ሌላ ሲዲ እንደሚፈልግ ሊያስረዳት ሞከረ። እማዬ አልሰማችውም። «ቆሜ ስሠራ ውዬ፣ ለኔ የቀረችኝ ይቺ ትምህርት ነበረች» አለች። ጮኻ አይደለም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ወደ ላይ ወጥታ ከሲንኩ ፊት ቆመች፤ ውኃው ይፈሳል፣ የምታጥበው ዕቃ ግን የለም።

ጋሽ ሰይድ ሁሉንም ሰምተዋል። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «አጥፋው» አሉት አባዬን። «የኔን አጥፋና የልጅቱን መልስ። እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ እሷ ነገ የምትደርስበት አላት።»

«ሁለቱም ይኖራሉ ጋሼ።»

«እኔ ሰው ቤት ጠብ ልዘራ አልመጣሁም።»

ትንሽ ቆይታ እማዬ ሻይ ይዛላቸው ወረደች። ዓይኗ ቀልቷል። «አንቱ ምን አደረጉ ጋሼ?» ብላ ብርጭቆውን በእጃቸው አስያዘቻቸው። «እኔና እሱ እንዲሁ ነን። ይጠጡ።» አባዬን ግን አላየችውም።

በማግስቱ አባዬ የሚያስፈልገውን ሲዲ አንድ ጓደኛው ሠርቶ ስለጠበቀው ወደ ኦግደን ሰፈር ሄድን፤ እኔም አብሬው። ባቡር መንገድ ዘግቶብን ቆምን። የማያልቅ የዕቃ ባቡር ነበር። አባዬ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ባቡሩን እያየ፣ ጥያቄ ሳልጠይቀው ማውራት ጀመረ።

«እኔ በአንቺ ዕድሜ ከጋሼ ጠረጴዛ ሥር ነበር የምውለው። ከላይ የጽሕፈት መኪናው ይመታል፣ እሳቸው ቀስ ብለው መንዙማ ይላሉ። እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ሌላ ቦታ እንቢ አለኝ። ሰው ማመልከቻ ሊያጽፍ ሲመጣ፣ ልጁ እንዳይነቃ በእጅ ልጻፍልዎ ይሉ ነበር።»

«ካን ዩ ሲንግ ኢት?» አልኩት።

«እኔ? አይ እኔማ ድምፅ የለኝም። ሲሉት ትሰሚያለሽ፣ አትቸኩዪ። እስከ በጋ አሉ።»

ባቡሩ አለቀና አለፍን።

ሲዲው ሠራ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ነጭ ጽሑፍ ወጣ፤ ላይኛው የእማዬ፣ ታችኛው የድሮው። በቀስት ቁልፍ መምረጥ ነው። አባዬ መጀመሪያ ላይኛውን ከፈተና እማዬን ጠራት። ፋይሎቿ ሁሉ እንደነበሩ ናቸው። ትከሻውን ጨበጥ አደረገችውና ልትሄድ ተነሣች፤ ሺፍት ነበራት።

ከዚያ ታችኛው ተከፈተ። ፕሮግራሙ ገባ። ፋይሉ ተመረጠ። ስክሪኑ ላይ የአማርኛ ፊደል ሞላ።

ጋሽ ሰይድ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ። እዚያው ቆዩ። የሚያነቡ መሰለኝ።

«ከማል» አሉ በመጨረሻ፣ «አንብብልኝ።»

አባዬ አያቸው።

«ፊደል መሆኑን አያለሁ። የትኛው ፊደል መሆኑን አላይም። ከመምጣቴ በፊትም እንዲሁ ነበርኩ። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና የመጀመሪያውን ስንኝ አነበበ። ማመልከቻ እንደሚያነብ ሰው ደረቅ አድርጎ ነው ያነበበው። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛውን ስንኝ አባዬ ሳይጨርሰው ቀደሙት።

ድምፃቸው ሲያወሩ ከማውቀው የተለየ ነበር። ቀጭን ሆኖ ጀመረ፣ ከዚያ ሰፋ። ጣቶቻቸው ቆርቆሮው ላይ እንደ ድቤ ይመቱ ነበር። አባዬ ስንኙን ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ያነሡታል፤ ከየስንኙ በኋላ የሚመለስ አንድ ቃል አለ፣ እሱን አባዬ ይቀበላል። ድምፅ የለኝም ያለው አባዬ። ቀና ስል እማዬ ኮቷን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። ያን ቀን ሥራ አረፈደች።

ሲጨርሱ ጋሽ ሰይድ ላብ በላብ ሆነዋል። «ግጥሙ ዳነ» አሉ። «ዜማው ነው የቀረው። ፊደል ዜማ አይዝም። ስልክህ ይቀዳል?»

«ይቀዳል ጋሼ። እሁድ ረጋ ብለን አንድ በአንድ እንቀዳዋለን፣ ኢንሻአላህ።»

እሁድ ግን የኤርፖርት ተሳፋሪ በዛ። በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ሰይድ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በረዶ ወረደ፣ በረራ ተሰረዘ፣ አባዬ የተጉላላ ሰው ሲያመላልስ ዋለ። ሌላ እሁድ እንግዳ መጣ። በክፋት የሆነ ምንም ነገር አልነበረም። የእማዬ ኮርስ በላይኛው መስመር ቀጠለ፣ የጋሽ ሰይድ መንዙማ በታችኛው መስመር ተቀመጠ፣ ቤቱ ሰላም ሆነ። ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር።

ለኔማ አልቋል። ፍሎፒ እንደ ሲዲ ነው፣ ሲዲ ውስጥ ደግሞ ዘፈን አለ፤ ስለዚህ የጋሽ ሰይድ ድምፅም እዚያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ «አባትሽ ዛሬ ቢገባ እኮ እንቀዳ ነበር» ሲሉኝ፣ «ኖ ጋሼ፣ ኢትስ ኦኬ» አልኳቸው። «ሴቭ ተደርጓል። ኦል ኦፍ ኢት። አይጠፋም።»

ቆም ብለው ወደኔ ዝቅ አሉ። ከሻርፑ በላይ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። «እንግዲያ ጥሩ ነው ሸጋዬ» አሉኝ። ያመኑኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ቤት ነበርን። «አንቺ ብታነቢልኝስ?» አሉኝ። እማዬ ግድግዳ ላይ የለጠፈችልኝን የፊደል ገበታ ነቅዬ ወረድኩ። ታችኛውን መስመር መረጥኩ፣ ፋይሉን ከፈትኩ። ስክሪኑን አያለሁ፣ ገበታውን አያለሁ፣ ከሀ ጀምሬ በጣቴ እወርዳለሁ። እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«ያ» አልኩ።

«እሺ።»

ብዙ ቆየሁ። «ረ።»

«በርቺ።»

«ሱ… ል።»

«ያ ረሱል!» ብለው ሳቁ። «ሸጋዬ፣ ስንቱ መንዙማ በዚህ ይጀምራል! ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። ግን አንዱን ቃል ጨርሼ ሌላውን ስይዝ የመጀመሪያው ከሁለታችንም ይጠፋል። ዜማው እንዲመጣላቸው ስንኙ ባንድ ትንፋሽ መነገር ነበረበት፤ የኔ ስንኝ ደግሞ አንድ ገጽ ያህል ይረዝማል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ መስኮቱ ጨለመ። ትንሽ ሞከሩ፣ አጉረመረሙ፣ ተዉት። «በሚቀጥለው ክረምት ስመጣ አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እላለሁ» አሉኝ። እኔም በሚቀጥለው ክረምት ማንበብ እንደምችል አልተጠራጠርኩም።

በረዶው ጥግ ጥጉን መቅለጥ ሲጀምር ከደሴ ስልክ ተደወለ። ታናሽ እህታቸው ሕመም ጠንቶባቸዋል። ጋሽ ሰይድ ስልኩን ዘግተው ሻንጣቸውን ከአልጋው ሥር ጎተቱ። አባዬ ቲኬት ቆረጠ። በቀሩት ጥቂት ቀናት ቢያንስ ጥቂቱን እንቀዳለን ብሎ ነበር፤ በከተማው ኖርዝኢስት በኩል የሚኖር የወሎ ሰው ሁሉ ግን ሊሰናበታቸው መጣ። ቤቱ በጫማ ሞላ። ዱዓ ሲደረግ፣ ሻይ ሲቀዳ፣ አደራ ሲባል ቀኑ አለቀ።

ወደ ኤርፖርት ስንሄድ አባዬ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አቆመ። መንዙማው የታተመበትን ወረቀት ለእማዬ ሰጥቷት ነበር። «ጋሼ፣ ዘይነብ ታንብብልዎ። እስክንደርስ አንዱን እንኳ።»

እማዬ አነበበች። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዜማው ሳይወጣ እንባቸው መጣ።

«ልቤ እህቴ ዘንድ ነው ከማል። አሁን እንቢ አለኝ። እዚያ ስደርስ በስልክ እልልሃለሁ።»

በስልክ ሞከሩ። አባዬ የእማዬን ስልክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ የራሱን ስልክ ሊቀዳበት አጠገቡ አደረገ። ስንኙን አነበበላቸው። ከወዲያ በኩል ዜማው ጀመረ፣ ተቆረጠ፣ ከመሃል ተነሣ፣ እንደገና ተቆረጠ።

«ሀሎ፣ ጋሼ? ይሰማዎታል?»

«ሀሎ! እየሰማህ ነው? ከየት ልጀምር?»

«ከመጀመሪያው ጋሼ። ሀሎ?»

የተቀዳው ይኸው ነው። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ሀሎ ሀሎ ሲባባሉ።

እህታቸው ዳኑ፤ እሳቸው ግን ታመሙ። ድምፃቸው እየደከመ ሄደ፣ ስልክ ላይ ሰላምታ ብቻ ሆነ። እዚህ በጋው ሲገባ፣ እዚያ ዝናቡ ሲጀምር አረፉ። አባዬ የሰማው ኤርፖርት ተራ ይዞ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ታክሲው በር ላይ ቆሟል፤ የጣሪያው መብራት እንደበራ ነው፣ ሞተሩም አልጠፋም፣ አባዬ ውስጡ ተቀምጧል።

ለቅሶው ላይ ቤታችን እንደገና በጫማ ሞላ። ሰው ስለ ጋሽ ሰይድ ሲያወራ መንዙማው ተነሣና፣ አንድ የኮምቦልቻ ሰው እናየው ዘንድ ብለው ጠየቁ። ወንዶቹ ወደ ቤዝመንት ወረዱ፤ እኔም ከአባዬ ጎን ገባሁ። አባዬ ታችኛውን መስመር መረጠ። ፊደሉ ስክሪኑን ሲሞላ ሁሉም «ማሻአላህ» አሉ። አባዬ ጋሽ ሰይድ ያን ቀን ያሉትን መንዙማ አገኘውና ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ሲጨርስ ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ያለ ግጥም ነው! ዜማውስ እንዴት ነው?»

አባዬ የመጀመሪያውን ስንኝ ለማንሣት ሞከረ። ሦስት አራት ቃል ሄደና ዜማው መውጣት ያለበት ቦታ ላይ አልወጣም። እንደገና ከመጀመሪያው ሞከረ፤ እዚያው ሲደርስ ጠፋበት። ሰዎቹ እየጠበቁት ነው።

«አይዞህ» አሉት ሰውየው፤ በራሳቸው አገር ዜማ ያንኑ ስንኝ አነሡት። ልክ ገባ። ያምራልም። ሰዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ የሚመለሰውን ቃል ባንድ ድምፅ ተቀበሉ። ቤዝመንቱ ሞቀ።

የአባዬን እጅጌ ሳብኩት። «እንደዚህ ነው?»

«አይደለም።»

«እንዴት ነበር ታዲያ?»

ሊነግረኝ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። ትንፋሹ ጆሮዬን ነካው፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ቀና አለና ስክሪኑን አየ። ከዚያ እጆቹን አነሣ፣ ከሰዎቹ ጋር አጨበጨበ፣ በማያውቀው ዜማ ተቀበላቸው።